ከኤስ ፌዝ በኋላ ጤፍ ስንት ክሮሞሶም አለው? 40 ወይስ 80?

የሞጣዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለዚህ ቤት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ለመግቢያ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። በአንድ ጥያቄ የተነሳ ከጓደኛዬ ጋር ከትናንት ጀምሮ ተኳርፈናል፣ ቡናም ተወራርደናል። ጥያቄው ይኸውላችሁ (ኤስ ፌዝ ሴሉ ዲኤንኤውን የሚገለብጥበት ጊዜ ነው፤ ጂ1 ከዚያ በፊት፣ ጂ2 ከዚያ በኋላ ያለው)፦

«የጤፍ የሰውነት ሴል 40 ክሮሞሶም አለው። ሴሉ ኤስ ፌዝን ጨርሶ ጂ2 ላይ ሲደርስ ስንት ክሮሞሶም ይኖረዋል? የዲኤንኤ ሞለኪውሎቹስ ስንት ይሆናሉ?»

እኔ 40 ክሮሞሶም፣ 80 ዲኤንኤ አልኩ። እሱ ሁለቱም 80 ነው ይላል። «ዲኤንኤው እጥፍ ከሆነ ክሮሞሶሙ እንዴት ባለበት ይቀራል? የተጨመረው ዲኤንኤ የት ሊቀመጥ ነው? ኪስ ውስጥ?» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ይባስ ብሎ ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛነው የመልስ ወረቀትም 80 እና 80 ይላል። ልቤ እኔ ልክ እንደሆንኩ ይነግረኛል፤ ለምን እንደሆነ ግን ማስረዳት አልቻልኩም። የምታውቁ እባካችሁ።

---

ዝም_ባይ · ከምሽቱ 2:14

ጤፍ በኩንታል ስንት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንጂ ስንት ክሮሞሶም አለው የሚል ዛሬ ገና አየሁ። ልቀመጥና ልማር።

---

ዘደጀን · ከምሽቱ 2:41

ልጄ፣ አንቺ ልክ ነሽ፤ የመልስ ወረቀቱ ተሳስቷል። ባዮሎጂ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህች ጥያቄ የማይወድቅ ክፍል አላጋጠመኝም። ጓደኛሽ የጠየቀው ግን የዋዛ አይደለም፣ አትናቂበት።

ነገሩ ያለው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ክሮሞሶም የሚቆጠረው በሴንትሮሜር ነው፤ ማለትም በዚያች በጠበበችው ወገቡ። አንድ ወገብ ካየሽ አንድ ክሮሞሶም ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ በወገቡ ላይ የተንጠለጠለው አንድ ክር ይሁን ሁለት ግድ የለሽም። ዲኤንኤ ግን የሚቆጠረው በክሩ ነው።

ጂ1 ላይ የጤፉ ሕዋስ 40 ክሮሞሶም አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ክር ነው፣ ስለዚህ ዲኤንኤውም 40። ኤስ ላይ እያንዳንዱ ክር ይገለበጣል። የተገለበጠው ግን ከአባቱ ተለይቶ አይሄድም። ኮሂሲን የሚባል ፕሮቲን እንደ ቀለበት ሁለቱን አቅፎ ይይዛቸዋል፤ እህት ክሮማቲዶች የምንላቸው እነዚህን ነው። እንግዲህ ጂ2 ላይ ክሮሞሶሙ 40፣ ክሮማቲዱ 80፣ ዲኤንኤው 80። ለጓደኛሽ «የት ሊቀመጥ ነው» መልሱ ይኸው፦ እዚያው ክሮሞሶሙ ውስጥ፣ ጎን ለጎን።

የክሮሞሶም ቁጥር የሚጨምረው አናፌዝ በሚባለው የክፍፍል ደረጃ ላይ ነው። ሴፓሬዝ የሚባል ኤንዛይም ቀለበቱን ይቆርጠዋል፣ እህትማማቾቹ ይለያያሉ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሴንትሮሜር ያላቸው ክሮሞሶሞች ይሆናሉ። በዚያች ሰዓት ሕዋሱ ውስጥ 80 ክሮሞሶም እና 80 ዲኤንኤ አለ። ጓደኛሽ «አናፌዝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ቡናውን አንቺ ነበርሽ የምትገዢው። ከዚያ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ለየራሳቸው 40 እና 40።

ልብ በይ፤ ሁለቱ ቁጥሮች እጥፍ የሚሆኑት በአንድ ሰዓት አይደለም። ዲኤንኤው ቀደም ብሎ በኤስ፣ ክሮሞሶሙ ዘግይቶ በአናፌዝ።

---

ጥማድ_በሬ · ከምሽቱ 2:58

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በበሬ ልጨምርበት።

ማሳ ላይ ሁለት በሬ ተጠምዶ እያረሰ «ስንት ጥማድ ነው?» ቢሉሽ «አንድ» ነው የምትዪው። ራስ ቁጠሪ ከተባልሽ ሁለት። ቀንበሩ ሴንትሮሜር፣ በሬዎቹ ክሮማቲድ። ጂ2 ላይ 40 ጥማድ፣ 80 በሬ። አለቀ።

---

ላብ_ማርቆስ · ከምሽቱ 3:05

@ጥማድ_በሬ ምሳሌህ ደስ ትላለች፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ትጥላለች 😄

አንደኛ፣ ከኤስ በፊትስ? ያኔ አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር ተሸክሞ ቆሟል፤ አንተ ግን እሱንም «አንድ ጥማድ» ብለህ ልትቆጥረው ነው። በሬ ያነሰው ሰው መቀናጆ ይፈልጋል እንጂ በአንድ በሬ ጥማድ አለኝ አይልም። ክሮሞሶም ላይ ግን ይላል! አንድ ክር ያለውም «አንድ»፣ ሁለት ክር ያለውም «አንድ»። ተማሪውን የሚያደናግረው ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ መቀናጆ በሬ ከጎረቤት ይመጣል፣ መልኩም ጉልበቱም ሌላ ነው። እህት ክሮማቲድ ግን ከውጭ አልመጣም፤ ከራሱ ከመጀመሪያው የተገለበጠ ነው፣ ፊደል በፊደል። ከእናትና ከአባት የመጡት ጥንዶች (ሆሞሎገስ የሚባሉት) ናቸው እንደ መቀናጆ በሬ የሚሆኑት፤ እነሱ ደግሞ በማይቶሲስ (በተራው የሰውነት ሴል ክፍፍል) ጊዜ ጭራሽ አይጠመዱም፣ እያንዳንዱ በየፊናው ነው የሚሰለፈው። እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያቀላቅል ሰው ሚዮሲስ (ዘር የሚሠራበት ክፍፍል) ላይ ሲደርስ ይጠፋል።

---

ጥማድ_በሬ · ከምሽቱ 3:09

በሬዬን አረድሽብኝ እኮ እታለም። እሺ ተቀብያለሁ።

---

ዝም_ባይ · ከምሽቱ 3:16

ዝም ብዬ ልማር ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሚገለበጠው ፕሮፌዝ ላይ፣ ክፍፍሉ ሲጀምር ነው ብዬ ነው የያዝኩት። በኤክስ ቅርጽ የሚታየው ያኔ አይደል እንዴ? ሥዕሉም እንደዚያ ነው።

---

ዘደጀን · ከምሽቱ 3:34

ያች ሥዕል ናት ያጠፋችን። መጽሐፉ ሁሉ ክሮሞሶምን ሲስል ኤክስ አድርጎ ስለሚስለው፣ ተማሪው ክሮሞሶም ሲባል ሁልጊዜ ኤክስ ይመስለዋል። በአብዛኛው ዕድሜው ግን ኤክስ አይደለም፤ ቀጭን ክር ሆኖ ኒውክለሱ (የሕዋሱ እምብርት) ውስጥ ተዘርግቶ ነው የሚውለው።

ፕሮፌዝ ላይ ዲኤንኤ አይጨመርም። የሚሆነው መጠቅለል ብቻ ነው። እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ አይታችኋል? ፈትሉ እንደተዘረጋ ወደ ሸማኔ አይወሰድም፣ ይተበተባል፤ ልቃቂት ተደርጎ ነው የሚጓዘው። ልቃቂት ሲሆን ክሩ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ፕሮፌዝም እንደዚያው ነው፦ ጉዞ አለ፣ ክሩ ይጠቀለላል። ሲጠቀለል ወፈር ስለሚል በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ስለታየ ያኔ የተፈጠረ ይመስላል እንጂ ሁለት የሆነው ቀደም ብሎ ነው።

የክሩን ርዝመት ለማሰብ ያህል፦ የሰው አንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ተዘርግቶ ቢቀጣጠል 2 ሜትር ግድም ነው። ከኤስ በኋላ 4 ሜትር። ይህ ሁሉ ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ በሚያንስ ኒውክለስ ውስጥ ነው ያለው። ሳይጠቀለል ይጎተት ቢባል ምን ዓይነት ውትብትብ ይሆን እንደነበር ገምቱት።

---

የሞጣዋ · ከምሽቱ 3:40

መምህር በጣም ነው የማመሰግነው 🙏 አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ግን፦ ኤስ ፌዝ በሰው ሴል ወደ 8 ሰዓት ይፈጃል ይላል መጽሐፉ። ያን ያህል ክር በ8 ሰዓት እንዴት ያልቃል?

---

ጥማድ_በሬ · ከምሽቱ 3:52

ይቺን ለኔ ተዉልኝ፣ በሬ አላገባም 😂

ደቦ ነው መልሱ። ቅጂውን የሚሠራው ኤንዛይም በሰው ሴል ውስጥ በሰከንድ ወደ 50 የዲኤንኤ ፊደል ነው የሚሄደው። ትልቁ የሰው ክሮሞሶም፣ ቁጥር 1 የሚባለው፣ 249 ሚሊዮን ፊደል ገደማ አለው። አንዱ ሠራተኛ ከዳር ጀምሮ ብቻውን ይጨርስ ቢባል አስላው፦ ወደ 58 ቀን። ከመስቀል እስከ ኅዳር አጋማሽ ማለት ነው፣ ጤፉ ረግፎ ያልቃል።

ስለዚህ ከአንድ ዳር አይጀመርም። በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ይጀመራል፤ ከየቦታው ግራና ቀኝ እያጨዱ እየሄዱ ይገናኛሉ። በጠቅላላው ሴሉ ውስጥ መነሻ ቦታዎቹ በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠሩት። ሌላው የሚገርመው አንድ ጊዜ የተገለበጠ ቦታ በዚያው ዙር ዳግመኛ እንዳይገለበጥ ሴሉ ይቆጣጠራል። የታጨደ ማሳ ላይ ተመልሶ ማጭድ የሚያነሳ የለም።

---

ላብ_ማርቆስ · ከምሽቱ 4:20

ደቦዋ ተስማምታኛለች፣ ይቺኛዋ ሙሉ መንገድ ታደርሳለች።

ልጅቷ በዓይኗ ብታየው ስለምወድ እኔም ያየሁትን ልጻፍ። ሁለተኛ ደረጃ ስማር ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ ነበረው፤ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉም ከአገር በለቀቀ መምህር ኪስ። አራት ዓመት ሙሉ አናፌዝን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው የማውቀው። እውነተኛውን ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፣ በባቄላ ሥር።

ሁሉም ሰው ሽንኩርት ይላል (ሽንኩርት 16 ክሮሞሶም ነው)። እኔ ባቄላ እመርጣለሁ። 12 ብቻ ናቸው፣ ትላልቅ ናቸው፣ ባቄላ ደግሞ በእኛ አገር የማይገኝበት ቤት የለም። ለቆሎ እንደሚነከረው ነክሬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሦስት አራት ቀን አስቀመጥኩት። ሥሩ ሁለት ሴንቲ ሲያህል ጫፉን፣ ሁለት ሚሊ ያህል ብቻ፣ በምላጭ ቆረጥኩ። ከጫፉ ራቅ ብሎ ከቆረጣችሁት ሴሉ መከፋፈል ትቶ መርዘም ጀምሯል፣ ምንም አታዩም። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ይኸው ነበር፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት ባዶ ሳጥን ሳይ ዋልኩ።

ከዚያ በአልኮልና በአሴቲክ አሲድ ሴሉን ባለበት ማስቀረት (ሦስት እጅ በአንድ እጅ)፣ ለብ ባለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማለስለስ፣ አሴቶካርሚን የሚባል ቀይ ማቅለሚያ ጠብ ማድረግ፣ በስሱ መስታወት ሸፍኖ በአውራ ጣት መጫን። አለመንሸራተት ነው ጥበቡ። ጣቴ ከተንሸራተተ ሁሉም ይገለበጣል፣ ከሀ ይጀመራል።

ሳየው ምን አየሁ መሰላችሁ? ከአሥሩ ሴል ዘጠኙ ምንም «አይሠራም»። ክብ፣ ቀይ፣ ብጥስጥስ ያለ ኒውክለስ ብቻ። ኤስ ላይ ያለውም፣ ጂ1 ላይ ያለውም፣ ጂ2 ላይ ያለውም አንድ መልክ ነው፤ ዲኤንኤው እጥፍ ሆኖም መልኩ ያው ነው። ከዚያ ድንገት አንዷ ሴል መሀል ክሮቹ ተሰልፈው፣ ሌላዋ ላይ ለሁለት ተጎትተው ጫፋቸው ወደ ኋላ ተንጠልጥሎ። ከ12ቱ ሁለቱ ከሌሎቹ በጣም ረጃጅሞች ናቸው፣ ወዲያው ይለያሉ። መቁጠር ጀምሬ 11 ላይ ስደርስ ጠፋኝ፣ እንደገና ከአንድ። ሦስተኛው ላይ 12 ሲመጣልኝ ብቻዬን ጮህኩ።

---

ዘደጀን · ከምሽቱ 4:37

ላብ ማርቆስ ባቄላን ካነሳሽ አንድ ነገር ሳልናገር አላድርም። ጂ1፣ ኤስ፣ ጂ2 የሚባለው አከፋፈል ራሱ የተገኘው በባቄላ ሥር ነው! በ1953 አልማ ሃዋርድ እና ስቴፈን ፔልክ የባቄላ ችግኝ ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ አጠጥተው፣ ፎስፎረሱ ዲኤንኤ ውስጥ የሚገባው መቼ እንደሆነ በፎቶግራፍ ፊልም ተከታተሉ። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው በሚታየው ክፍፍል ላይ ነበር፤ ያ «ምንም የማይሠራ» የሚመስለው ጊዜ እረፍት ነው ይባል ነበር። እነሱ ዲኤንኤው የሚሠራው በዚያው እረፍት በተባለው ጊዜ መሀል እንደሆነ፣ ከፊቱና ከኋላው ደግሞ ክፍተት እንዳለ አሳዩ። ጂ የሚለው ፊደል ክፍተት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ኤስ ደግሞ መሥራት፣ ማቀናበር ለሚለው።

በ1957 ደግሞ ኸርበርት ቴይለር ከባልደረቦቹ ጋር በዚያው በባቄላ ሥር ሌላ አሳየ። ዲኤንኤው ሲሠራ ምልክት ያለው ቲሚዲን (ዲኤንኤ ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ) እንዲገባበት አደረገና ክሮሞሶሞቹን ተከተለ። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም እህት ክሮማቲዶች ምልክት ያዙ። ምልክቱ ተነሥቶ በሚቀጥለው ዙር ሲታይ ከሁለቱ አንዷ ብቻ። ማለትም እያንዳንዷ ክሮማቲድ ግማሽ አሮጌ፣ ግማሽ አዲስ ናት፤ «ዋናው» እና «ቅጂው» ብሎ መለየት አይቻልም። ቅድም እኔ ራሴ «የተገለበጠው ከአባቱ አይለይም» ብዬ ነበር፤ አባትና ልጅ የለም፣ ሰርዙልኝ።

---

ቀፎ_ሰቃይ · ከምሽቱ 4:50

እናንተ በእህል ስትጨቃጨቁ እኔ ከንብ ጋር ነው ውሎዬ፣ ዳንግላ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሠራተኛዋ ንብ 32 ክሮሞሶም አላት፣ ድንጉላው ግን 16 ብቻ ነው፤ ካልዳበረ እንቁላል ነው የሚፈለፈለው፣ አባት የለውም። ጥንድ ከሌለው ታዲያ ሴሉ እንዴት ይከፈላል? ኤስ ፌዝስ አለው?

---

ላብ_ማርቆስ · ከምሽቱ 5:02

አለው እንጂ! ማይቶሲስ ጥንድ አይፈልግም ያልኩት ለዚህ ነበር። የድንጉላው 16 ክሮሞሶም ኤስ ላይ 16 ክሮሞሶም ከ32 ዲኤንኤ ጋር ይሆናል፣ አናፌዝ ላይ ለአፍታ 32፣ ከዚያ 16 እና 16። ችግር የለም።

ችግር የሚመጣው ዘር ሲሠራ ነው። ሚዮሲስ ጥንዶቹን ያገናኝና ይለያያል፤ እሱ ጥንድ የለውም። ስለዚህ የድንጉላው ሴል የመጀመሪያውን ክፍፍል ጀምሮ ይተወዋል፣ 16ቱም ክሮሞሶም ሳይቀነስ ወደ ዘሩ ይገባል።

---

ጥማድ_በሬ · ከምሽቱ 5:08

ታዲያ የበቅሎም ነገር ይሄው ነው አይደል? በቅሎ የማትወልደው?

---

ዘደጀን · ከምሽቱ 5:19

ጎሽ፣ በቅሎማ የጎጃም ጥያቄ ናት። «በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት አጎቴ ፈረስ ነው አለ» ይባል የለ? አባትየው አህያ ነው፣ 62 ክሮሞሶም አለው፣ ግማሹን 31 ይሰጣል። እናትየዋ ፈረስ ናት፣ 64 አላት፣ 32 ትሰጣለች። በቅሎ 63 ይሆናል። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆኑ ለሰውነቱ ምንም አያደርገውም፦ ኤስ ላይ 63 ክሮሞሶም ከ126 ዲኤንኤ ጋር፣ አናፌዝ ላይ 126፣ ከዚያ 63 እና 63። ቆዳው፣ ጡንቻው፣ ሰኮናው ሁሉ እንዲህ እየተከፈለ ነው ያደገው፤ በጮቄ አቀበት የሚወጣውም በዚሁ ጉልበት ነው።

ሚዮሲስ ላይ ሲደርስ ግን የአህያው ክሮሞሶም የፈረሱን ፈልጎ መጣመድ አለበት፤ ቅርጻቸውም ቁጥራቸውም አይገጥምም፤ አንዱም ያለ ጓደኛ ይቀራል። ዘሩ እዚያ ላይ ይሰናከላል።

---

የሞጣዋ · ከምሽቱ 5:31

እሺ እኔ ራሴን ልፈትን፣ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ባቄላ፣ 12 ክሮሞሶም። ለሚዮሲስ ሲዘጋጅ፦

ጂ1፦ 12 ክሮሞሶም፣ 12 ዲኤንኤ
ጂ2፦ 12 ክሮሞሶም፣ 24 ዲኤንኤ
ሚዮሲስ 1 አልቆ፣ በአንዱ ሴል፦ 6 ክሮሞሶም፣ 6 ዲኤንኤ

---

ላብ_ማርቆስ · ከምሽቱ 5:36

የመጨረሻዋ መስመር ላይ ተንሸራተትሽ። ሚዮሲስ 1 የሚለያየው ጥንዶቹን ነው፣ እህትማማቾቹን አይደለም። ወገባቸው ላይ ያለው ቀለበት አልተቆረጠም። ስለዚህ 6 ክሮሞሶም፣ ግን እያንዳንዱ ገና ባለ ሁለት ክር፦ 12 ዲኤንኤ። ከዚያ ሌላ ኤስ ሳይኖር ወደ ሚዮሲስ 2 ይገባል፣ ያኔ እህትማማቾቹ ይለያያሉ፦ 6 እና 6።

---

የሞጣዋ · ከምሽቱ 5:39

አሃ! ክሮሞሶሙ በመጀመሪያው ይቀንሳል፣ በሁለተኛው ግን ባለበት ነው፣ ዲኤንኤው ደግሞ በሁለቱም ይቀንሳል። 24፣ 12፣ 6።

---

ላብ_ማርቆስ · ከምሽቱ 5:41

ደግ አደረግሽ። እግረ መንገድሽን፦ የክሮሞሶም ብዛት ሲያድግ ዲኤንኤ የሚበዛ እንዳይመስልሽ። ባቄላ በ12 ክሮሞሶም ውስጥ የያዘው ዲኤንኤ ጤፍ በ40ዎቹ ከያዘው ወደ 20 እጥፍ ይበልጣል። ጤፍ ሲሳል ትንንሽ ነጠብጣብ ነው የሚመስለው፣ መቁጠሩ ዓይን ያጠፋል። ለዚህም ነው ባቄላ ያልኩሽ።

---

ዝም_ባይ · ከምሽቱ 5:44

የባቄላ ሹሮ እየበላሁ ነው ይሄን የማነበው። በጉርሻ ስንት ሜትር ዋጥኩ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

---

ቢቡኝ_12 · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:20

80 ያልኩት ጓደኛዋ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ አነበብኩት። አናፌዝን ማለቴ ነበር።

---

የሞጣዋ · ከጠዋቱ 1:22

ጥያቄው ላይ «ጂ2» ተብሎ ተጽፏል። ከትምህርት በኋላ መናኸሪያው ጋ ያለችው ቡና ቤት፣ ሦስት ሲኒ ነው የምጠጣው።

---

ቢቡኝ_12 · ከጠዋቱ 1:25

ሁለት ነበር የተወራረድነው!

---

የሞጣዋ · ከጠዋቱ 1:26

በሲኒው ቁጠር በጀበናው?

---

ዘደጀን · ከጠዋቱ 1:50

በጀበናው አንድ ነው ልጄ፣ ክፈልና ታረቁ። ያን የመልስ ወረቀት ደግሞ ሌላ ሰው ሳይገዛው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄዳችሁ አሳርሙት፤ ጥያቄ ቁጥሩን ንገሯቸው።